በብርድ አገር የሚግል ሃርድ ዲስክ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለውም እዚሁ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ እየኖርሁ ስለ ሃርድ ዲስክ ማቀዝቀዝ ስጽፍ አንዳንዱ ይስቅ ይሆናል። «መስኮቱን ክፈትለትና ተወው» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የተከፈተ መስኮት ሰውን ያንዘፈዝፋል፤ በብረት ሳጥን ውስጥ የታሸገውን ዲስክ ግን አያገኘውም።

ሥራዬ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ነው። አንድ ሠርግ በሁለትና በሦስት ካሜራ ሲቀረጽ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ይዞ ይመጣል። ባለጉዳዩም ከዓመታት በኋላ «የእኛ ቪዲዮ አሁንም አለህ?» ብሎ መደወሉ አይቀርም። ስለዚህ ከአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር የተሠራ፣ አራት ሃርድ ዲስክ የያዘ የፋይል ሰርቨር፣ ማለትም ፋይል ብቻ የሚያከማች ኮምፒውተር፣ ቤቴ ውስጥ አለ፤ ሌሊትና ቀን አይጠፋም። ክፍሉ 17 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ማታ ላይ የዲስኮቹን ሙቀት ሳነብ ከላይ ያለው 41፣ መሃል ላይ የተደራረቡት ሁለቱ 48 እና 49፣ የታችኛው 43 ነበር። እኔ ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ፤ ዲስኮቹ ቆላ ወርደዋል።

ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል? በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሥራ ላይ ሲሆን ከ6 እስከ 9 ዋት ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። አራት ሲሆኑ 30 ዋት አካባቢ ደረሰ ማለት ነው። የድሮውን ባለ ክር አምፖል አብርታችሁ የጫማ ካርቶን ውስጥ ብትዘጉበት የሚሆነውን አስቡት። የክፍሉ ቅዝቃዜ መነሻውን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ የታፈነውን ሙቀት አያወጣውም። የሚያወጣው በዲስኮቹ መሃል የሚያልፍ አየር ነው። ክፍሉ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ አየር ካላለፈ ዲስኩ ይግላል።

ሌላውን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ንባቡን አግኙ። ዲስኩ በውስጡ የራሱ የሙቀት መለኪያ አለው፤ ስማርት የሚባለው የራስ ምርመራ መዝገብ ላይ በቁጥር 194 ተመዝግቦ ይገኛል። በአንዳንዶቹ ላይ 190ም አለ። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ስማርትሞንቱልስ የተባለው ፕሮግራም ያወጣላችኋል። ከ2020 ወዲህ ባሉት የሊኑክስ ከርነሎች (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ክፍል) ደግሞ፣ ማለትም ከ5.6 ጀምሮ፣ ድራይቭቴምፕ የሚባል ሞጁል ስላለ የዲስኩ ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ጎን ለጎን ይታያል። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታልዲስክኢንፎ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ፦ በሠንጠረዡ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር 110 ወይም 117 ሊል ይችላል። ያ ዲግሪ አይደለም፤ አምራቹ በራሱ ስሌት የሰጠው ነጥብ ነው። ትክክለኛው ሙቀት በመጨረሻው ዓምድ ላይ ያለው ጥሬ ቁጥር ነው፤ በአንዳንድ ዲስኮች ላይ ከጎኑ ዝቅተኛውና ከፍተኛው በቅንፍ ይከተሉታል። አንድ ወዳጄ «ዲስኬ 117 ዲግሪ ደርሷል» ብሎ በእኩለ ሌሊት ደውሎልኛል። ዲስኩ 33 ዲግሪ ላይ ነበር።

ንባቡን ሥራ በሌለበት ሰዓት ብቻ መውሰድ ያታልላል። ዲስኮቹ አንድ ላይ ለሰዓታት ሲሠሩ ተመልከቱ። ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል አያያዝ ሥርዓት የምትጠቀሙ ከሆነ በየወሩ የሚደረገው የሙሉ መረጃ ፍተሻ ጥሩ ፈተና ነው። ሬይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን አንድ አድርጎ የሚያሠራ አደረጃጀት፣ ያላቸውም አንድ ዲስክ ተበላሽቶ አዲስ ሲተካ ሌሎቹ ያለ ዕረፍት የሚነበቡበት ጊዜ አለ። ያ ሌላ ዲስክ እንዳይበላሽ የሚፈራበት ሰዓት ነው፤ ሙቀቱም ከፍ የሚለው ያኔ ነው።

አምራቾቹ በአብዛኛው እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ይፈቅዳሉ። እኔ ያን ጣሪያ እንደ ግብ አላየውም። ከ25 እስከ 42 ባለው መካከል ከሆነ አልነካውም፤ 45 ሲያልፍ ምክንያቱን እፈልጋለሁ፤ 50 ከደረሰ ሥራ አቁሜ ሳጥኑን እከፍታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሳጥኔ ፋን አልጎደለውም፤ ፊት ለፊቱ ላይ አንድ፣ ከኋላው አንድ ነበረው። ነገር ግን ሁለቱም ያንቀላፉ ነበር። ማዘርቦርዱ የፋኖቹን ፍጥነት የሚወስነው የፕሮሰሰሩን ሙቀት እያየ ነው፤ የዲስኮቹን ሙቀት አያውቀውም። የፋይል ሰርቨር ፕሮሰሰር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት ነው፤ ያውም በደብረ ብርሃን ብርድ። ስለዚህ ማዘርቦርዱ 28 ዲግሪ ላይ ያለውን ፕሮሰሰር አይቶ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ፋኑን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት ያወርደዋል፤ ዲስኮቹ በዚያው ሰዓት ይቀቀላሉ። የብርድ አገር ልዩ ጠንቁ እዚህ ላይ ነው። በሞቃት አገር ፕሮሰሰሩም ስለሚሞቅ ፋኑ ትንሽ ይነቃል፤ እዚህ ግን ብርዱ ራሱ ፋኑን ያስተኛዋል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብቶ ከዲስኮቹ ፊት ያለውን ፋን ፕሮሰሰሩን እንዳይከተል ማድረግና በቋሚ ፍጥነት ማሠራት ነው። ከሙሉ ፍጥነቱ 60 በመቶ ላይ ስታስቀምጡት አብዛኛው ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ድምፁ አያስቸግርም። ባለ አራት እግር መሰኪያ ያለው ፋን ከሆነ ቁጥጥሩ ለስላሳ ነው፤ ባለ ሦስት እግር ከሆነ ባዮሱ ላይ በቮልቴጅ የሚቆጣጠረውን አማራጭ ምረጡ፤ አለዚያ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይጮኻል። ሁለተኛው መንገድ በየጥቂት ደቂቃው የሁሉንም ዲስክ ሙቀት አንብቦ በጣም የሞቀውን ተከትሎ ፋኑን የሚያፈጥን አጭር ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱን ስትጽፉ የተኛ ዲስክ እንዳይቀሰቅስ የሚያዘውን አማራጭ አትርሱ። ካልሆነ ሙቀቱን ልትጠይቁት በሄዳችሁ ቁጥር ታስነሡታላችሁ። ባለ ሁለትና ባለ አራት ዲስክ ሆነው ተሠርተው የሚሸጡት ማከማቻዎች ደግሞ በቅንብራቸው ውስጥ የፋን ሁነታ አላቸው፤ ጸጥታን የሚያስቀድመው ሁነታ ለመኝታ ቤት ካልሆነ በቀር አይመረጥ።

ፋኑን ካነቃሁት በኋላ የመሃሎቹ ዲስኮች ወደ 43 ወረዱ። ጥሩ ነው፤ ግን ከድካሙ አንጻር ትንሽ ነው። አየር እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ስለሆነ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። ፋኑ የሚስበው አየር በተደራረቡት ዲስኮች መሃል ባለው ጠባብ ክፍተት ከማለፍ ይልቅ ከጎንና ከላይ በተከፈተው ቦታ ዞሮ ወደ ኋላ ይወጣል። ይህን በዓይኔ ያየሁት በጧፍ ነው። ጧፍ አብርታችሁ እፍ ስትሉት ለጥቂት ሰከንድ ቀጭን ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ ያን ጭስ ወደ ሳጥኑ ቀዳዳዎች አስጠጉት። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ጭሱን እንደ ክር ስቦ ይወስደዋል፤ ሞቶ የቆመው ቀዳዳ ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። በእኔ ሳጥን ላይ ዲስኮቹ ፊት ጭሱ ምንም አልተነቃነቀም፤ ከታች በኩል ባዶ በነበረው የሲዲ ማጫወቻ ቦታ ግን ተምዘግዝጎ ገባ። እጣን ለዚህ አይሆንም፤ ጭሱ ብዙና ሙጫማ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የካርቶንና የናስትሮ ሆነ። በዲስኮቹ መያዣና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ በወፍራም ካርቶን ዘጋሁት፤ ባዶውን የሲዲ ማጫወቻ ቦታም እንዲሁ። የሚገባው አየር በዲስኮቹ መሃል ከማለፍ ሌላ ምርጫ እንዳይኖረው ነው። ካርቶኑ ከፓወር ሰፕላዩ ራቅ ይበል፤ ሥራ ላይ ሲሆን ግለቱን የማያምነው ሰው በቀጭን ፕላስቲክ ቢተካው የተሻለ ነው። መያዣው ስድስት ቦታ ካለውና ዲስኮቻችሁ አራት ከሆኑ ተከታትለው አይቀመጡ፤ በየመሃሉ ባዶ ቦታ ይተው። የዲስኩ ሙቀት የሚወጣው በዋናነት በብረት ገላው በኩል ስለሆነ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ብዙ ለውጥ ያመጣል።

የፊት ለፊቱ ፕላስቲክ ግን ጭራሽ ተደፍኖ የተሠራ ነበር፤ አየር የሚያስገባው ከሥሩ ባለች ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። ለእሱ ወደ በያጅ ሄድሁ። የላሜራውን ፊት በክብ ቆርጦ እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁንልኝ፤ ፋኑ እዚህ ጋ ነው የሚታሰረው።»

አገላብጦ አየው። «ልጄ፣ ይህን ያህል ከፍተህ አይጥ ቢገባብህስ? የእህል ጎተራ እንኳ እንዲህ አይከፈትም።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ በእኛ ሰፈር ክረምት ሲገባ አይጥ ሙቀት ፍለጋ የማትገባበት የለም፣ የጋለ ሰርቨር ደግሞ ለሷ ሆቴል ነው። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት በቀዳዳው ላይ በየደልኝ። ሰፋ ያለ መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ እንደ ዱቄት ወንፊት የደቀቀ ከሆነ ፋኑ አየር መሳብ ያቅተዋል። ፋኑን ስታስሩት ጎኑ ላይ ያለውን ቀስት እዩ፤ አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያመለክታል። ብሎኖቹ ሥር ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጡ ትናንሽ ቁራጮች አስገቡ። ንዝረት ለዲስክ አይበጅም፤ ጸጥታም ይሰጣችኋል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ክፍሉ 17 ዲግሪ እያለ አራቱም ዲስኮች ከ32 እስከ 35 ባለው መካከል ተቀራርበው ተቀመጡ። ከዝቅተኛነቱ ይልቅ መቀራረባቸው ነው ያስደሰተኝ፤ ሁሉም እኩል አየር እየደረሳቸው ነው ማለት ነው።

ፋን ስትመርጡ ከዲስኮቹ ፊት የሚቆመው ግፊት ያለው ዓይነት ይሁን፤ ምላጮቹ ሰፋ ያሉና የተቀራረቡ ናቸው። በክፍት ቦታ ብዙ አየር የሚነፍስ ፋን ጠባብ ክፍተት ሲገጥመው ይሸነፋል።

አሁን የደጋ ሰው ብቻ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ላንሣ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክብደቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር በሩብ ያህል ያንሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን በይዘት ያው ነው፤ በክብደት ግን ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በሌላ አገር የተጻፈ «ይህ ፋን በዚህ ፍጥነት ይበቃል» የሚል ምክር ስታነብቡ ለደብረ ብርሃን ሲሶ ያህል ጨምሩበት። ብርዱ የሰጠንን ከፊሉን ከፍታው መልሶ ይወስደዋል።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። በተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ጭንቅላት ከሚዞረው ሰሌዳ ላይ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው። ዲስኩ የታሸገ ቢመስልም ግፊቱን ከውጭው ጋር የሚያስተካክልበት፣ በውስጥ ማጣሪያ ያለው ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ አጠገቡ እንዳይሸፈን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይታተማል። ናስትሮ ስትለጥፉ እሱን እንዳትደፍኑት። አየሩ በጣም ሲሳሳ ትራሱም ስለሚሳሳ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ከፍታውን 3,048 ሜትር ላይ ይገድባሉ፤ ይህም 10,000 ጫማ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ነው። ጓሳ አካባቢ ያሉ የመንዝ ቦታዎች ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው፤ እዚያ ኮምፒውተር የሚያቆም ሰው የዲስኩን መግለጫ አንብቦ ይግዛ። ሂሊየም የተሞሉት ዲስኮች ሙሉ በሙሉ የታሸጉ ስለሆኑ በውስጣቸው ያለው ጋዝ ከውጭው ጋር አይገናኝም። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበው በ2013 ነው፤ ባለ 6 ቴራባይት ነበር። ሂሊየም ከአየር በሰባት እጥፍ የቀለለ በመሆኑ ሰሌዳዎቹን ለማዞር የሚጠፋው ኃይል ያንሳል፤ ዲስኩም ቀዝቀዝ ይላል። ዋጋቸው ከበድ ይላል፤ አቅም ላለው ግን ለደጋ የተፈጠሩ ያህል ናቸው።

ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ቁልቁል ሲወረድ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት ሞቃት አገር። እዚያ ፎቶ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ዲስካቸው እያቋረጠ እንደሚያስቸግራቸው ነግረውኝ ወርጄ አየሁላቸው። ሰርቨር የላቸውም፤ በዩኤስቢ የሚሰኩ ሁለት ትልልቅ የውጭ ሃርድ ዲስኮች ናቸው። አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ከዲሹ ሪሲቨር ላይ ተቀምጠዋል፤ በላያቸው ደግሞ በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ዳንቴል እስከ ግማሽ ጎናቸው ድረስ ወርዷል። አቧራ እንዳይገባባቸው ነው። ክፍሉ 33 ዲግሪ፣ የላይኛው ዲስክ 57።

«እትዬ፣ ዳንቴሉን ላንሣው?»

«አንሣው ልጄ፤ ብቻ እንዳታቆሽሽብኝ፣ የልጄ እጅ ሥራ ነው።»

ዳንቴሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ሄደ። ሪሲቨሩ ራሱ የሙቀት ምንጭ ስለሆነ ዲስኮቹን ከላዩ አወረድናቸው፤ በጠባብ ጎናቸው አቁመን የመዳፍ ስፋት አራራቅናቸው። የፕላስቲክ ልብስ ያላቸው ዲስኮች ፋን ስለሌላቸው ሙቀታቸው የሚወጣው በራሱ ጊዜ ወደ ላይ በሚሄድ አየር ነው፤ ተጋድመው ሲደራረቡ መውጫው ይዘጋል። ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ትንሽ ፋን ፊታቸው ስናደርግ 43 ላይ ቆሙ። መደርደሪያውም ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ነበር፤ ቀን ከኮርኒሱ የሚወርደው ሙቀት ራሱን የቻለ ምድጃ ነው። ወደ ወገብ ከፍታ አወረድነው። ወለል ላይ ግን አይቀመጥ፤ ሲጠረግ አቧራው በሙሉ ወደዚያ ነው።

እትዬ «ያንተ 33 ነው እያልክ የእኔ ለምን 43 ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ጥያቄያቸው ልክ ነው። ፋን ዲስኩን ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊያወርደው አይችልም። ክፍሉ 33 ከሆነ 40 አካባቢ ማግኘት ትልቅ ውጤት ነው። በቆላ ያለ ሰው የደጋውን ቁጥር ማሳደድ የለበትም፤ ከዚያ ይልቅ ከባዱን ሥራ ወደ ሌሊት ያዙረው። ብዙ ፋይል መቅዳት፣ ምትኬ መያዝ፣ ሙሉ ፍተሻ ማድረግ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ እንዲጀምር በሰዓት ማዘዝ ይቻላል። ያኔ ክፍሉ ራሱ ብዙ ዲግሪ ወርዶ ይጠብቃችኋል።

ዲስክን አብዝቶ ማቀዝቀዝም ጥቅም የለውም። ጎግል በ2007 ከ100,000 በላይ በሚሆኑ የራሱ ዲስኮች ላይ ያደረገውን ጥናት አውጥቶ ነበር፤ ሙቀት ያለጊዜ ብልሽትን ያመጣል የሚባለውን ያህል ግንኙነት አላገኘም። ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በጣም በሞቁትና ባረጁት ላይ ነው። ይልቁንም በጣም የቀዘቀዙት ላይ ብልሽቱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ በታኅሣሥ ሌሊት ሰርቨሩን በረንዳ ላይ የማውጣት ሐሳብ የመጣለት ካለ ይተወው። አምራቾቹም ከታች በኩል ወሰን አላቸው፤ 0 ወይም 5 ዲግሪ ነው። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ክፍሉ ሲበርድ ካደረ ጠዋት ላይ መጀመሪያ ክፍሉ ትንሽ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ነው የማበራው። በብርዱ ወራት ፋኔን ወደ 40 በመቶ እቀንሰዋለሁ፤ 22 ዲግሪ ላይ ያለ ዲስክ ከ32ቱ አይበልጥብኝም። የመንዝ ወፍራም የድንጋይ ቤቶች ቀንና ሌሊት ብዙ ስለማይለዋወጡ ከብሎኬት ቤቴ ይልቅ ለሰርቨር የሚመቹ ይመስሉኛል፤ ዲስክ መዋዠቅን አይወድም።

ዲስኩ ሥራ ሲያጣ እንዲተኛ ማድረግ ሙቀት ይቀንሳል፤ ግን በየአሥር ደቂቃው መተኛትና መነሣት ሌላ ድካም ነው። ለሰርቨር የተሠሩት ዲስኮች ጭንቅላታቸውን ለ600,000 ጊዜ ያህል ማንሣትና መመለስ እንዲችሉ ተደርገው ይሠራሉ፤ ተራዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ለ300,000። የእኔዎቹ ቀን አይተኙም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አጣዬ ዲስክ ይዞ የሚወርድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጠዋት በብርድ ተነሥታችሁ፣ ዲስኩ ሌሊቱን መኪና ውስጥ አድሮ ከሆነ፣ በጣርማ በር ጉም መሃል አልፋችሁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆላ ትደርሳላችሁ። ሞቃቱና እርጥበት ያለው አየር የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ መነጽር ላይ እንደሚያርፈው ያለ ጤዛ ያቋጥራል፤ በሰርኪቱ ላይ። በዚያ ሁኔታ ኃይል መስጠት አደጋ ነው። ዲስኩን ከመነሣታችሁ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ስትደርሱም ከረጢቱን ሳትፈቱ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት። ጤዛው የሚያርፈው ከረጢቱ ላይ ይሆናል። እንግዳው ቢቸኩልም ምሳ ይብላ።

ስለ እጣን ልመለስ ብዬ ነበር። ቤታችን ውስጥ ቡና በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል፤ ረከቦቱ ደግሞ ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ነበር የሚዘረጋው። የእጣን ጭስ፣ የሚቆላው ቡና ጭስ፣ ውጭ ከሚነደው ኩበት የሚገባው ጭስ፣ ሁሉም ፋኑ ስቦ በምላጮቹ ላይ ቡናማ ሙጫ አድርጎ ይለጥፈዋል። ደረቅ አቧራ ብቻውን በብሩሽ ይነሣል፤ ሙጫ ላይ የተያዘ አቧራ ግን እንደ ስሜንቶ ነው፣ ፋኑን አክብዶ ያንቀጠቅጠዋል፤ በዲስኮቹ መሃል ያለውን ክፍተትም ያጠበዋል። እናቴን ቡናውን ወደ ሳሎን እንድታዛውር መጠየቅ ከበያጁ ሥራ ይልቅ የከበደ ድርድር ነበር። ተዛውሯል፤ ከእጣን ማጨሻው ጋር።

ለማጽዳት ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወደ ጎሚስታ ይሄዳል። ተዉት። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ውሃና ዘይት ይረጫል፤ ግፊቱም ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አዙሮ መሽከርከሪያውን ያበላሸዋል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና የእጅ መንፊያ ይበቃል፤ ሲጸዳ ምላጩን በጣት ያዙት። ወንፊቱ ላይ ደግሞ ስስ የሴት ስቶኪንግ ወጥሬበታለሁ፤ በየወሩ አወጣዋለሁ፣ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ። እርጥቡን መመለስ አይገባም። ስቶኪንጉ ሲቆሽሽ የዲስኮቹ ሙቀት አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ ስለሚል፣ መታጠቢያው መድረሱን ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ንባቡ ይነግረኛል።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ መልእክት ነው። ሰርቨሩ የዲስክ ሙቀት ከወሰን ሲያልፍ ለስልኬ መልእክት እንዲልክ አዝዤዋለሁ፤ ለደብረ ብርሃን 45 ላይ፣ ለእትዬ ኮምፒውተር 50 ላይ አድርጌዋለሁ። ወሰኑ አንድ ዓይነት ቢሆን ቆላው ላይ ከሰዓት በኋላ ሁሉ እየጮኸ ሰው ችላ ብሎ ይተወዋል። 55 ሲደርስ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ሥራውን ዘግቶ ራሱን እንዲያጠፋ ነው። ፋኑ በድንገት ቢቆም፣ እኔ ሠርግ ላይ ሆኜ ስልኬን ብዘጋ፣ ዲስኮቹ እስክመለስ ድረስ ጠፍተው ይቆያሉ።